ያልተሳፈርኩባት የጎጀብ ጀልባ

የማስቲሽ ሽታ እኔን የት እንደሚወስደኝ ልጆቼ እንኳን አያውቁም። ሰው ሁሉ በጎሚስታ ደጃፍ ሲያልፍ አፍንጫውን ይዞ ይፈጥናል፤ እኔ ግን ልቤ ይሸፍታል። ባለፈው ሰሞን ደካ ከተማ የምታስተምረውን ልጄን ልጠይቅ ከቦንጋ ተሳፍሬ ስሄድ፣ ሺሺንዳ መግቢያ ላይ የሚኒባሳችን ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ «ሁሌ እኔን ብቻ ነው የሚያገኘው!» እያለ ወረደ፣ እኛም ተከትለነው ወረድን። የገበያ ቀን ስለነበረ መንገዱ ዳር ጥምዝ በጣሳ የሚሰፍሩ፣ ኮረሪማ በዘንቢል ያቀረቡ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ የተሸከሙ ሴቶች ሞልተዋል። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ከጎማው ውስጥ ጎትቶ አወጣና የውሃ ገንዳ ውስጥ እየነከረ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ይፈልግ ጀመር። ቀዳዳውን ሲያገኝ በሞረድ ፈገፈገና ማስቲሹን ቀባበት። ሽታው እንደደረሰኝ መቀመጥ አቃተኝ። ተነሣሁ፣ መንገዱን ተሻገርኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ተሻገርኩ። ሾፌሩ የቦንጋ ልጅ ነው፣ ያውቀኛል። «ካፒቴን፣ ምን ያቁነጠንጥዎታል? ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ አሁን እንሄዳለን» አለኝ። ቁጭ ማለት ለእኔ እንዳልተፈጠረ ቦንጋ ሁሉ ያውቃል።

ካፒቴን የሚሉኝ ለክብር እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ለክብር ነበር፣ አልዋሽም። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት በጊዜያዊነት ደብዳቤ እጽፋለሁ። ቦንጋ ዛሬ እንደምታዩዋት ሽቅብ ቁልቁል በባጃጅ የተጨናነቀች አልነበረችም። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጫማ ያስቀር ነበር፣ መኪና በመጣ ቁጥር ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ማን እንደወረደ ያያል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦውም እንደዚያው፤ ሃያ አምስት ሳንቲም ኪሱ ያለው ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ሻይ ቤት ከዋናው ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ ነበረ። ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ እየጎረነነ፣ እየተጎተተ ይሄዳል፣ ያኔ ባለቤቱ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ዘፈኑ ስለሄደች ልጅ ነው፤ የዚያን ዘመን ዘፈን ሁሉ ስለሄደ ሰው ነበር መሰለኝ። እኔም መሄድ ነበር የምፈልገው። ታላላቆቼ እዚያው ሚስት አግብተው፣ ቡና ተክለው ረግተዋል። እኔ ግን የጅማ መኪና ሲነሣ ባየሁ ቁጥር እስኪሰወር ቆሜ አየው ነበር። እግሩ ሰፊ የሆነ ቴትሮን ሱሪ የሚለብሱት ከአዲስ አበባ የሚመጡ ልጆች ሲያወሩ፣ ከንፈራቸውን እያየሁ የምሰማ ሰው ነበርኩ።

እንዲህ ስብሰለሰል ነው የውሃ አጥኚዎቹ ወረቀት የመጣው። ፈረንጆችና ሐበሾች ተደባልቀው በጎማ ጀልባ ጎጀብን ይዘው ወደ ታች፣ እስከ ኦሞ ድረስ እየለኩ ይወርዳሉ ይባል ነበር። እኛ ወሬውን ሰምተን ስቀናል፤ ጎጀብ የሚሻገሩት ወንዝ ነው እንጂ ማን ይሄድበታል? ወረቀቱን ከወንዙ ገደል ይዞልን የወጣው ጋሽ ኮቺቶ የሚባል፣ ቀፎ ሰቃይ፣ ከጎጀብ በላይ ያለው ተረተር ላይ የሚኖር ሰው ነው። የጀልባዎቹ አስተርጓሚ ታሟል፤ ካፊኖኖም አማርኛም እንግሊዝኛም የሚችል ሰው በአስቸኳይ ይፈለጋል፤ ሐሙስ እስከ እኩለ ቀን ከገደሉ ሥር ያልደረሰ እንደሆነ ጀልባዎቹ አይጠብቁም ይላል ወረቀቱ። መጨረሻው መስመር ላይ ያለውን ግን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፦ ጉዞውን አብሮ የጨረሰ በአዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት በቋሚነት ይቀጠራል። አለቃዬ ወረቀቱን አንብቦ ቀና ሲል እኔ ቆሜ ነበር። ለጀልባዎቹ ቀዳዳ መድፈኛ ማስቲሽ በቆርቆሮ እንዲላክላቸውም ለምነዋል፤ እሱን ከአንድ ብስክሌት አከራይ ገዛን።

ሽኝቱን ብትጠይቁኝ ሠርግ ነበር። ልብስ ሰፊው አዲስ ሱሪ በአንድ ቀን አደረሰልኝ፣ ነጭ ሸራ ጫማ ገዛሁ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጓደኞቼ ጠጅ አስመጥተው «ለካፒቴናችን!» እያሉ ጠጡ። ስሙ የወጣልኝ ያን ቀን ነው። አንዱ ተነሥቶ አዲስ አበባ ስገባ ሰዓት እንድልክለት፣ ሌላው የሸሚዝ ቁጥሩን እንዳልረሳ አደራ አለኝ። እኔም ለሁሉም እሺ አልኩ፣ ለምን እሺ አልልም? ከቦንጋ የመውጫዬ ቀን ነበረ።

ረቡዕ በበቅሎ ተረተሩ ላይ ደርሼ ጋሽ ኮቺቶ ቤት አደርኩ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እሱ፣ ሁለት ጎረቤቶቹና እኔ ቁልቁለቱን ጀመርነው። እነሱ የጀልባዎቹን ዱቄት፣ ጨውና ስኳር ተሸክመዋል፤ እኔ የማስቲሹን ቆርቆሮ በደረቴ አቅፌያለሁ። ያንን ገደል ያልወረደ ሰው ቢነግሩትም አይገባውም። ላይኛው ደን ነው፣ ጨለማ፣ እርጥብ፣ ሥሩ እንደ ደረጃ ይረገጣል፤ ጉሬዛ ከላይ ይዘላል። ከዚያ ደኑ በአንዴ ያልቅና ሰማይ ይከፈታል፣ መንገዱም ይጠፋል። ፍየል የምታልፍበት ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። አዲሱ ሸራ ጫማዬ ያንሸራትታል፣ ቆርቆሮው በሙቀቱ ክዳኑ ላልቶ ሸሚዜ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሽታው ራሴን ያዞረኛል። ጋሽ ኮቺቶ በባዶ እግሩ ከፊቴ እየወረደ ዘወር ሳይል፣ «ወደ ታች አታይ። እኔን ጀርባ እይ» ይለኛል። የአማርኛው አካሄድ የራሱ ነው፣ ግን ያለው ሁሉ ይገባኛል። ከሁለት ሰዓት በኋላ የውሃውን ድምፅ ሰማሁት። ከሩቅ ዝናብ የሚመጣ ይመስላል። እየቀረብን ስንሄድ ዝናብ እንዳልሆነ ገባኝ፤ መሬቱ ራሱ ያጉረመርማል። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ፈርቻለሁ። ዋና አልችልም፣ ከቦንጋ ልጅ ማን ይችላል?

ከእኩለ ቀን በፊት ደረስን። ሁለት ብርቱካንማ ጀልባዎች አሸዋው ላይ ተጎትተው ወጥተዋል። ዋናው ሰውዬ፣ ጢሙ በፀሐይ የቀላ ፈረንጅ፣ ቆርቆሮዬን ከእጄ ተቀብሎ ስሜን እንኳን ሳይጠይቀኝ ቀዳዳውን መድፈን ጀመረ። ሌሊቱን ወንዙ ሞልቷል፣ ማስቲሹ እንደደረቀ መሄድ አለብን አለኝ፤ ቦታዬንም አሳየኝ፣ የፊተኛዋ ጀልባ ላይ በስተግራ። በሽተኛው አስተርጓሚ ዛፍ ሥር ተኝቷል። ጀልባዋ ከድንጋይ ጋር አላግታው ጉልበቱ አብጧል፣ በላዩ ላይ ወባው አቃጥሎታል። የታሰበው ሰዎቹን ተደግፎ እንዲወጣ ነበር። ሊያቆሙት ሲሞክሩ ግን ጮኸና ተዝለፈለፈ። ጋሽ ኮቺቶ ሁለት እንጨት ቆረጠ፣ ጋቢውን አውጥቶ አሰረበት፣ ቃሬዛ ሆነ። በሽተኛውን አስተኙት፣ ፀሐይ እንዳይመታው ፊቱን በነጠላ ሸፈኑት።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ወግ ልንገራችሁ፣ አለዚያ እንደ ሞኝ ታዩኛላችሁ። በካፋ ቃሬዛ ሲያልፍ ያየ ሰው ሥራውን ጥሎ ይሸከማል። ባለ ሱቁ ሱቁን፣ ዳኛው ችሎቱን ይተዋል። አንዴ ትከሻህን ቃሬዛ ሥር ካስገባህ ደግሞ፣ ሌላ ትከሻ መጥቶ እስኪተካህ አታወጣም። ተሸካሚዎች እየተጣሩ ከሰፈር ሰፈር ይቀባበላሉ፤ ከተማ ውስጥ መቶ እርምጃ ሳትሄድ የሚቀበልህ አታጣም። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያደግኩበት ነገር ነው፣ አይታሰብበትም። ሦስቱ ሰዎች ጎንበስ ሲሉ አራተኛው ማዕዘን ባዶ ሆኖ አየሁት። ገባሁበት። በእግሩ በኩል፣ በስተቀኝ። «አንድ፣ ሁለት፣ ወፍ!» ብለን ተነሣን። የጀልባዎቹ ሰዎች ቀዳዳው ላይ ጎንበስ ብለው ነበርና ማን እንደተሸከመ ልብ ያለ አልነበረም፤ ሳናስበው የመጀመሪያውን ኩርባ ዞርን።

ኩርባው ላይ ነው ያደረግኩት የገባኝ። «ጋሽ ኮቺቶ፣ እኔ ልመለስ እንጂ! ጀልባው ይሄድብኛል!» አልኩ።

«ተመለስ» አለኝ ከፊት ሆኖ። «ሰው ካለ ተካውና ተመለስ።»

ዙሪያዬን አየሁ። ድንጋይና ፀሐይ ነው። እስከ ተረተሩ ድረስ የሰው ቤት የለም።

«ከእነሱ አንዱን እንጥራ» አልኩ፣ የጀልባዎቹን ሰዎች ማለቴ ነው።

«ጠየቅኋቸው። አንድም ሰው አንሰጥም አሉ፣ ውሃው ከባድ ነው አሉ። እኛ ሦስት ነን። በሦስት ትከሻ ይሄን ገደል አይወጣም።» እንጨቱን ትከሻው ላይ አመቻችቶ ጨመረ፦ «ልጄ፣ እኔ አልይዝህም። ቀስ ብለን እናውርደውና ሂድ። ዛፉ ሥር እናስተኛዋለን።»

ዛፉ ሥር ማስተኛት ምን ማለት እንደሆነ አራታችንም እናውቃለን። አምስተኛው ግን ነጠላው ሥር ገና ራሱን እንደሳተ ነው። ማንም አላወረደም። ቆመን የነበርነው መሄድ ጀመርን። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከታች ፊሽካ ተነፋ። ዘወር ማለት አልቻልኩም፣ እንጨቱ አንገቴን ይዞታል። ከፍ ካልን በኋላ ለማረፍ ስንቆም በዓይኔ ጥግ አየኋቸው፣ እንደ ሁለት የብርቱካን ልጣጭ አንሰው በቡናማው ውሃ ላይ ዞሩና ከአለቱ ጀርባ ጠፉ።

ከሰዓት በኋላ ጫፍ ላይ ስንደርስ ጋሽ ኮቺቶ ተጣራ። የመንደሩ ሰዎች እየሮጡ መጥተው ትከሻችንን ተኩን፤ በሽተኛው እየተቀባበሉት ዋናው መንገድ ደረሰ፣ በቡና ጫኝ መኪና ጅማ ገባ ተባለ። እኔ ሣር ላይ ተዘርሬ ቀረሁ። ቅዳሜ ቦንጋ ስገባ አዲሱ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ሸሚዜ በማስቲሽ ደርቋል። የተሸኘሁበት ሻይ ቤት በራፍ ሳልፍ አንዱ ብቅ አለና፣ «ካፒቴን! ኦሞ ቅርብ ነው እንዴ?» አለ። ያ ሳቅ ዛሬም አላለቀም። ውሃውን አይቶ ሸሸ ተባልኩ። እውነቱን ነገርኳቸው፣ ማን ይስማኝ? ጋሽ ኮቺቶ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገበያ በወጣ ቁጥር «አብሮኝ ተሸክሟል» እያለ መስክሮልኛል። «አንተም ጠጅ ተጋብዘህ ነው» አሉት። ቀልዱ ከእውነቱ ይልቅ ይጣፍጣቸው ነበር። ባለቤቴም በሕይወት ሳለች ስንጣላ፣ «ምነው ያን ጊዜ ደፍረህ በተሳፈርክና በተገላገልኩህ» ትለኝ ነበር።

እኔን ግን የሰው ሳቅ አይደለም እንዲህ ዕድሜ ልኬን ያቅበጠበጠኝ። ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን መቀመጫ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ ራሴ አላውቅም። ያን ትከሻ ቃሬዛው ሥር ያስገባሁት በወጉ ነው ወይስ በፍርሃት? ውሃው ሲያጓራ ፈርቼ ነበር። ባዶውን ማዕዘን ሳየው እፎይ ብዬ ይሆን እንዴ የገባሁበት? ሰው ለሌላው ሊዋሽ ይችላል፣ እኔ ግን የምዋሸው ለማን እንደሆነ እንኳን አላውቅም ነበር። ከጥያቄው የምሸሽ ይመስል መሥሪያ ቤት ቀያየርኩ፣ ቤት ቀያየርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ከቦንጋ ደካ፣ ከደካ ቦንጋ እመላለሳለሁ። መልሱን የሚነግረኝ ሰው ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሺሺንዳ ላይ ሾፌሩ ካፒቴን ሲለኝ፣ አብሮን የተሳፈረ አንድ ሽማግሌ ቀና ብሎ አየኝ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል፣ ጥሩ ካፖርት ለብሷል፣ ቀኝ እግሩን ቀጥ አድርጎ ዘርግቷል።

«ወታደር ነበሩ እንዴ?» አለኝ።

«የጎጀብ ባሕር ኃይል» አልኩት። ለማያውቀኝ ሰው ሁሌ የምመልሰው ነው።

ሳቀ። «እንግዲያው ባልደረባሞች ነን። እኔ ጎጀብን በጀልባ ሄጄበታለሁ። ይቺ እግሬ እዚያ ነው የቀረችው።» ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። «ተስፋዬ እባላለሁ። ቢታ ገነት ጤና ጣቢያ የምትሠራ ልጅ አለችኝ፣ እሷን ልጠይቅ ነው። በዚህ በኩል ስመለስ ገና ዛሬ ነው፣ ያምናሉ?»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እኔ ተቀመጥኩ! እሱም ያወራኝ ጀመር፤ ዛፉን፣ ወባውን፣ በጋቢ የታሰረውን ቃሬዛ። እኔ እጆቼን ጉልበቶቼ መሀል ይዤ እሰማለሁ። «በእኔ ቦታ አንድ የቦንጋ ልጅ ልከው ነበር» አለ። «ኋላ ፈረንጆቹን ሳገኛቸው፣ ውሃውን አይቶ ፈረጠጠ አሉኝ። ምን ዓይነት ፈሪ ነው! እኔ ጤነኛ ብሆን በጥርሴ ተንጠልጥዬ እሄድ ነበር።»

ደሜ ፈላ። «ይስሙኝ፣ ያ ልጅ» ብዬ ጀመርኩ። ሁሉንም ልነግረው ነበር፣ ስሜን፣ ማዕዘኑን፣ ፊሽካውን። እሱ ግን አልሰማኝም፣ ገበያተኛውን እያየ ነው የሚናገረው።

«የተሸከሙኝ ገበሬዎች ናቸው። ፊታቸውን አላየሁም፣ ተሸፍኜ ነበር። አንድ ነገር ግን አልረሳም። ከእነሱ አንዱ፣ ከእግሬ በኩል ያለው፣ ከነቃሁ ጀምሮ መንገዱን ሁሉ ያለቅስ ነበር። ድምፁን እየዋጠ፣ ሲንሰቀሰቅ ይሰማኛል። እስከ ጫፍ ድረስ አላቆመም። እኔ ወላጅ አላውቅም፣ ያደግኩት በሰው ቤት ነው። ለእኔ ብሎ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። አንድ የማያውቀኝ ገበሬ ለእኔ አለቀሰ! ኋላ ብዙ ክፉ ቀን አየሁ፣ ብዙ ጊዜ ‘በቃኝ’ ብያለሁ። ያን ሰውዬ እያሰብኩ ነው የተነሣሁት።»

ማልቀሴን አላስታውስም። ዓይኔን ላብ ሲያቃጥለኝ ነው የማስታውሰው። ከእግሩ በኩል በስተግራ የነበረው የጋሽ ኮቺቶ ጎረቤት ደግሞ እያንጎራጎረ ነው የወጣው፤ የሚያለቅስ ሌላ አልነበረም። እፎይ ያለ ሰው እንደዚያ አያለቅስም። ያለቀስኩት ለጀልባዋ ነው፣ ለአዲስ አበባ ነው፣ ለራሴ ነው። ፈርቼ አልነበረም! አርባ ምናምን ዓመት የፈለግኩትን መልስ ሺሺንዳ ላይ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ አገኘሁት። ለዚህ ሰውዬ ብነግረው ደግሞ የእኔ ስም ይጸዳል፣ ለእሱ ያለቀሰለት ሰው ግን ይሞትበታል።

«ምን ሊሉኝ ነበር?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። «ያ ልጅ ብለው ነበር።»

«ያ ልጅ ፈሪ ነበር ይባላል» አልኩት። «እኛም እዚያው ቦንጋ ሰምተናል።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተስፋዬ ለመነሣት ሲታገል ብብቱ ሥር ገብቼ ደገፍኩት፣ ጥቂት እርምጃም አብረን ሄድን። ከባድ ሰው ነው። መኪናው በር ላይ ሲደርስ ትከሻዬን ይዞ ቆመ።

«እርስዎ የአገሩ ሰው ነዎት» አለኝ። «ያ ያለቀሰልኝ ሰው በሕይወት ይኖር ይሆን?»

«አለ» አልኩት። «በዓይን አውቀዋለሁ።»

«እውነትዎን ነው? እንግዲያው ካገኙት፣ ተስፋዬ እግዜር ይስጥልኝ ብሎሃል ይበሉልኝ።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት።